ይፍሩ የሠራው ረጅም ብስክሌት

አሽቀሎን፣ ራማት ኤሽኮል
ሰኞ ከሰዓት በኋላ

እትዬ፣ ታላቋ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ብርድ ሲነካው የሚያብጠው ጉልበትሽ ዘንድሮስ እንዴት አደረገሽ? ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ ደህና ናቸው? ወደዚህ የመምጣታችሁ ጉዳይ አሁንም «ጠብቁ» ነው ወይስ የሰማችሁት ነገር አለ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለፈጣሪ። እንቅልፍ ግን ከራቀኝ ሰነበተ።

ይህን የሚያደርስልሽ አለነ ነው፤ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር ደግ ሰው፣ እናቱን ሊጠይቅ ጎንደር ይመጣል። ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንደምትይ አውቃለሁ። ስልክ ሳነሣ ባለቤቴ ይፍሩ አጠገቤ ነው። አንቺም ዘንድ ልጆቹ ድምፁን ከፍ ያደርጉትና ቤቱ ሙሉ ይሰማዋል። ይህ ቤት ሙሉ የሚሰማው ነገር አይደለም። ብቻሽን አንብቢው፣ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

ልጄ ሊሞር ወድቃ እጇ ተሰበረ ብዬሽ ነበር። መውደቋ እውነት ነው። እንዴት እንደወደቀች ግን አልነገርሁሽም።

ጦርነቱ በጀመረ በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ አሁን ጠፍቶኛል፤ ልጅቱ ከሥራ ስትመለስ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ አዛካ ጮኸ፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያውን ማለቴ ነው። እንደ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተኛች። ሮኬቱ ብዙም ሳይርቅ ወደቀ። እሷን አንዲት ጭረት አልነካትም። ግን ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ቤት መጣች፣ አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም። እንዴት እንደመጣች እስከ ዛሬ አታውቀውም። ገብታ ሳታናግረኝ በቀጥታ ማማዱ ውስጥ ተቀመጠች። ማማድ የሚሉት ግድግዳው የወፈረ፣ መስኮቱ ብረት የሆነ ክፍል ነው፤ አዛካ ሲጮህ የምንገባበት። እኛ ጥቂት ቆይተን እንወጣለን፤ እሷ አልወጣችም። አልጋዋን አስገባች፣ ሥራዋን ተወች። ነገሩ ጋብ ሲል እንኳ ከሽንት ቤትና ከወጥ ቤት አታልፍም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው እትዬ። ሐኪም አናግሪ ስላት በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች፣ ያውም እኔ የማላውቀውን ቃል መርጣ።

ይፍሩን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ሆኖ ጡረታ ወጣ። አምና ልቡን አሞት የደም ሥሩ ውስጥ ትንሽ ቱቦ አስገቡለት። ሐኪሙ ከባድ አታንሣ፣ ራስህን ጠብቅ አለው። በጄ ብሎ ወጣ፣ በማግስቱ ጓሮ ካለችው ማኽሳን፣ ዕቃ ቤታችን ገብቶ ብረት ሲቆርጥ አገኘሁት። ያቺ ማኽሳን የሱ ቤት ናት፤ ሞርሳው፣ መበየጃው፣ መዶሻው ሁሉ እዚያ ነው።

አንድ ቀን ሊሞር በስልኳ አንድ ነገር አሳየችው። ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ የጥንት ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ሲሄድ። አይተሽ አታውቂም፣ ልንገርሽ። የፊት ጎማው የሰው ደረት ይደርሳል፣ የኋላው እንደ ሰፌድ ትንሽ ነው። ሰንሰለት የለውም፤ ፔዳሉ ከትልቁ ጎማ መሐል ላይ ነው የሚያያዘው፣ ሰውየውም ከጎማው አናት ላይ ይቀመጣል። ሊሞር ሳቀች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ። ከዓመት በላይ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። እጄን ጠርጌ ስደርስ ሁለቱም ዝም አሉ።

በማግስቱ ይፍሩ ያንን ብስክሌት እሠራለሁ አለ።

መጀመሪያ የእብድ ሥራ መሰለኝ። ጠፍጣፋ ብረት በእንጨት ቅርጽ ላይ እያዞረ ቸርኬውን አጎበጠ። ለጀርባው ቧንቧ ፈልጎ እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ሞላበትና በእሳት አግሎ አጠፈው። ከዚያ ግን ሥራውን ወደ ቤት አመጣው። ቸርኬውን ይዞ ማማዱ ውስጥ ገባ፣ ከልጅቱ አልጋ ጫፍ ተቀመጠና ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ ይሰካ ጀመር። ብረቱን አዙሪልኝ፣ ይህን ያዥልኝ ይላታል። በሳምንቱ ኮሪደሩ ላይ ሆነ፤ ቦታ ጠበበኝ አለ። እሷም ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ የጓሮው በር ደፍ ላይ፣ ቀጥሎም ማኽሳኗ በር ላይ። እኔ ምንጣፌ ላይ የብረት ፍቅፋቂ ሞላ ብዬ እጮህ ነበር። ልጅቱን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እርምጃ እያስወጣት እንደነበር አልገባኝም። ወይም እንዳልገባኝ ነው የምነግርሽ።

በሩን ዘግተው ሲያወሩ እሰማለሁ። ሁለቱም በዕብራይስጥ፣ ቶሎ ቶሎ። ስገባ ወሬው ይቆማል። አንድ ጊዜ ሊሞርን ከአባትሽ ጋር ምን ታወራላችሁ ብላት «ስለ ብረት» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔ የወለድኋት፣ ስትባንን አጠገቧ የተኛሁት፣ ሦስት ጊዜ ምግብ የማቀርብላት እኔ፣ ከእኔ ጋር የምታወራው አጣች። ከብረት ጋር አወራች።

ብስክሌቱ እየቆመ ሲሄድ ፈራሁት። ማኽሳኗ ጣሪያ ላይ በገመድ አንጠልጥሎ ሲቀባው ሳይ ፊቴን አዙሬ እገባ ነበር። ጋሼ አምባው፣ ከሱ ጋር ፋብሪካ የሠሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ መጥተው ዞረው ዞረው አዩትና ይህ ነገር ሰው ይሰብራል አሉ። ጎማው አንድ ነገር ቢያደናቅፈው ሰውየው የሚወርደው በአናቱ ነው ብለው አስረዱኝ። ይፍሩ ሳቅ ብሎ አውቃለሁ አላቸው። ለዚህ ነው ሁሉን ሁለት ጊዜ የማጠብቀው አለ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ማታ እራት ላይ አርብ ጠዋት አወጣዋለሁ አለ። ከሕንጻችን በስተጀርባ ቀጥ ያለ የእግር መንገድ አለ፣ እዚያ። ሊሞር ሳህኗ ላይ አቀርቅራ ፈገግ አለች። እኔ ልብህስ አልሁት። ልቤ ደህና ነው አለ። ለመንሁት እትዬ። አንተ ከወደቅህ እኔ በዚህ አገር ማን አለኝ አልሁት። እጄን መታ መታ አደረገና ለእኔ አትፍሪ አለኝ። ይህን ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ለእኔ አትፍሪ ነው ያለው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ይፍሩ ለደም ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሊሞር ተኝታለች። ማኽሳኗ አትቆለፍም ነበር። ገባሁ። ትልቁን ጎማ ግራና ቀኝ ከሚይዘው ሹካ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ዳዶዎች ናቸው፤ ሲያጠብቃቸው አይቻለሁ፣ መፍቻቸውንም አውቀዋለሁ። በግራ በኩል ያለውን ሁለት ዙር ፈታሁት። ዳዶው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ነበረ፣ የተንጠባጠበ ቀለም መሰለኝ። ያሰብሁት፣ ነገ ገና እየገፋ ሲያወጣው ጎማው ይወላገዳል፣ እሱም አይቶ ሥራዬ አልተሳካም ብሎ ይተወዋል ነው። እንዲህ ነው ያሰብሁት። መፍቻውን ቦታው መልሼ ምሳ ሠራሁ።

አርብ ጠዋት መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። ይፍሩ ብስክሌቱን እየገፋ አወጣው። አልተወላገደም። ቀጥ ብሎ ሄደ። ከኋላው ሊሞር ወጣች። የራስ ቁር አድርጋለች፣ ሁለቱንም ጫማዋን አጥብቃ አስራለች። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያልረገጠችውን የግቢ በር እንደ ዋዛ አለፈችው።

ያኔ መጮህ ነበረብኝ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ይሰሙኛል። ይፍሩ መቀመጫውን ያዘላት፣ እሷ የኋላውን መርገጫ ረግጣ ወጣች፣ ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ጊዜ ነበረኝ። እትዬ፣ ድምፄ አልወጣም ብልሽ ታምኚኛለሽ? እኔ ራሴን አላምነውም።

ሄደች። ከአጥሩ በላይ ሆና ታየችኝ፣ ፀጉሯ ከቁሩ ስር ወጥቶ። ይፍሩ አብሮ እየሮጠ ነበር፣ ከዚያ ለቀቃት። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ስትደርስ ዘወር ብላ፣ በአማርኛ፣ «እማ፣ እዪኝ» አለችኝ።

አየኋት። ጎማው ወደ ግራ ሲዘነበልም አየሁ።

እጇ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አገጯ ተሰፋ፣ ሁለት ጥርሷ ሄደ። የራስ ቁሩ ተሰንጥቆ ነበር፤ ሐኪሟ ያንን አንሥታ አየችና ባይኖር ኖሮ ብላ አልጨረሰችውም። እንዴት ሆነ ብላ ስትጠይቅ ይፍሩ ከእኔ ቀደመ። ዳዶውን ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ አላት። ሊሞር አልጋው ላይ ሆና፣ አፏ አብጦ፣ አንተ ነህ እንዴ የምትረሳው አለችው። አረጀሁ አላት።

እኔ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜ ነበር።

የዚያን ዕለት ሰንበት ሳይገባ ማኽሳኗ ውስጥ ተቀምጦ አየሁት። ብስክሌቱን አጋድሞ ያንን ዳዶ ያያል። አንድ ጊዜ ያጠበቀውን ሁሉ ከዳዶው እስከ ብረቱ በነጭ ቀለም እንደሚያሰምርበት የሰማሁት በኋላ ከሊሞር ነው። ከፋብሪካ የለመደው ነው አለችኝ፤ መስመሩ ከተለያየ ሰው ነክቶታል ወይም ራሱ ላልቷል ማለት ነው። እሑድ ማኽሳኗ ላይ ቁልፍ ገዝቶ አደረገ። በዚህ ቤት ውስጥ እኛ እርስ በርስ ቆልፈን አናውቅም ነበር። መክፈቻውን ኪሱ ይይዘዋል፣ ሲተኛ ትራሱ ስር ያደርገዋል።

ይበላል፣ ያመሰግነኛል፣ መድኃኒቱን ስሰጠው ይውጣል። ስምንት ሳምንት እንዲህ ኖርን። ሊሞር ወደ ማማዱ የምትመለስ መስሎኝ ነበር፤ አልተመለሰችም። እጇ በጀሶ እንደታሰረ በየቀኑ ማኽሳኗ ውስጥ ናት። ቡና ጠጪ ብዬ ስጠራት ትመጣለች፣ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። ባለፈው ሳምንት ጀሶው ተፈታላት፣ በዚያው ቀን ደግሜ እወጣለሁ አለች። የፊታችን አርብ።

ትናንት ይፍሩ ጠራኝ። ማኽሳኗን ከፍቶ አስገባኝና በሩን ገርበብ አደረገው። ብስክሌቱ ተጠግኖ፣ እንደገና ተቀብቶ ቆሟል። ድምፁን ሳይጨምር ጠየቀኝ።

«ለማን እንደምሠራው ታውቂ ነበር?»

«ላንተ መስሎኝ» አልሁት።

ሄዶ ከጎማው አጠገብ ቆመ። ታውቂዋለሽ፣ ረጅም ሰው ነው፣ ሊሞር ደግሞ የእኔን ቁመት ነው የወረሰችው። እንዲህ ያለው ብስክሌት ጎማው የሚለካው በሚጋልበው ሰው እግር ነው።

«ይህ ለእኔ እግር ይሆናል?» አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ስፌት ቤት ተቀምጬ የሰው ሱሪ ያሳጠርሁ ሴት ነኝ። ሰው በበሩ ሲገባ እግሩን በዓይኔ ለክቼ እጨርሳለሁ። ዓይኔን ከጎማው ወደ እግሩ አዞርሁ። እሱም መልሱን እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ የዳዶውን መፍቻ እጄ ላይ አስቀመጠ። የግራው ዳዶ ላላ ብሎ ነበር፤ አውቆ ትቶታል። አጥብቂው አለኝ። አጠበቅሁት። እጄ እስኪደማ አጠበቅሁት። ይበቃል አላለኝም። ራሴ ስተወው ብሩሹን አንሥቶ ነጩን መስመር አሰመረበት። በእጁ አልሞከረውም፣ እትዬ። ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ የሚሞክር ሰው፣ የእኔን አንድ ጊዜም አልነካውም። ቆልፎ መክፈቻውን ኪሱ ከተተ።

ምናልባት እኔ ሳላይ ይሞክረው ይሆናል። ልጁ አይደለች? እንዲህ እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ። ደግሞ ፊቱን አስታውሳለሁ። ሊሞር ማን እንዳጠበቀው አታውቅም። ከትናንት ጀምሮ መዳፌን እያየሁ፣ አንዲት ዙር ቀርታ እንደሆነስ እላለሁ። ሄጄ ልሞክረው ብል በሩ ዝግ ነው። ክፈትልኝ ልበለው? ለምን ቢለኝስ?

ለእሷ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? አንቺ ብትኖሪ አንድ ነገር ትይኝ ነበር። አለነ ሐሙስ ይነሣል፤ ይህ እጅሽ ሲገባ አርቡ አልፏል።

የአባቶቻችን አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ በልጆችሽ ደስ ያሰኝሽ፣ መንገዳችሁን ይክፈትላችሁ። ለእኔም ጸልዪ። ለይፍሩ ልብ ሳይሆን ለሊሞር ጸልዪ፣ አርቡ ቢያልፍም፤ የምትወጣው ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው፣ በእናንተም በእኛም ሰዓት አንድ ነው።

እጅሽን የምስመው
ታናሽ እህትሽ