ሰባትና ሁለት ይዤ

ውድ ቀነአ፣

ጤናህን ከመጠየቄ በፊት ጥያቄህን ልመልስ፤ ሦስት ሳምንት አሳድሬዋለሁና። በእኛ ጊዜ መምህር ጠይቆት ዝም ያለ ተማሪ መዳፉን ዘርግቶ አለንጋ ይቀበል ነበር። እኔ በሰባ ዓመቴ ተጠይቄ ዝም አልኩ።

መልሱ «አዎ» ነው።

አሁን ከመነሻው ልጻፍልህ። አብዛኛውን ታውቀዋለህ፤ ነገር ግን በቅደም ተከተል ካልሄድኩ እጄ አይታዘዝልኝም። የማታውቀው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው ያለው።

የልጅ ልጅህ ሌንሳ እዚህ ነቀምቴ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ከሐዋሳ ልትመጣ ስትል፣ ከአርባ ዓመት በላይ ድምፅህን ያልሰማሁት አንተ ደወልክ። «ያ ሸዋ፣ አከም ጂርታ? አንድ ትርፍ ክፍል አይኖርሽም?» አልከኝ፤ ትናንት ከመምህራን ክፍል አብረን የወጣን ይመስል። ስልኬን ከየት እንዳገኘህ አልጠየቅኩህም። ክፍል ነበረኝ። ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ነው «አለኝ» ያልኩህ።

ፖከርን በስልካችን ያስገባችው እሷ ናት። መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት በሚዘጋበት በዚያ ዓመት፣ አንተ አኖ እኔ ነቀምቴ ታጥረን እንዳንሰለች ብላ። ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ ይታደላል፤ አምስት ካርታ ደግሞ መሃል ላይ ለሁሉም ይገለጣል። እጅህን ያመንክ ትመድባለህ፣ ትጨምራለህ፤ ያላመንክ ትጥላለህ። ሳምንቱ ሲያልቅ የተሸነፈው ለአሸናፊው የአሥር ብር የሞባይል ካርድ ይሞላል። «ይህ ቁማር ነው» ብዬ ስቆጣ ሌንሳ እንደ አክስቷ ጠርታኝ ሳቀች።

«አዳዳ፣ በአሥር ብር ማን ገሃነም ይገባል?»

አንተ ደግሞ ጻፍክልን፦ «እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። በእጄ ካርታ ይዤ አላውቅም። የያዝኩት ስልክ ነው።»

የመጀመሪያውን ወር ታስታውሳለህ። የመጣልኝን ሁሉ እጥል ነበር። ጥሩ ካርታ ካልሆነ አልነካም፤ እኔ ያልተረጋገጠ ነገር በሰሌዳ ላይ እንዳይጻፍ ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሌንሳ ከጎኔ ተቀምጣ ስታይ ቆይታ አንድ ቀን አላስቻላትም።

«አዳዳ፣ ይሄ እኮ ዘጠኝ ሰው የተቀመጠበት ገበታ አይደለም! ሰው ሲበዛ አንዱ ጋ ጥሩ ካርታ አይጠፋም፤ ያኔ መጠንቀቅ ነው። ሦስት ስንሆን ግን ሁላችንም የያዝነው እንቶ ፈንቶ ነው። ቀድሞ የደፈረ ይወስዳል። ደግሞ ተራዎ ሲደርስ ቢወዱም ባይወዱም ይመድባሉ። ጥሩ ካርታ ሲጠብቁ ያልቃሉ።»

ሲጠብቁ ያልቃሉ። ይህን በካሬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታውን እንደ ትምህርት ያዝኩት። እያንዳንዱን ጨዋታ መዘገብኩ፤ አንተንም አጠናሁህ። ከገጾቹ በአንዱ እንዲህ ይላል፦ «ቀነአ። አንዴ ሲጨመርበት ይከተላል። ሲደጋገምበት በገዛ እጁ ያለውን ይጠራጠራል።» ይህን ስጽፍ የፖከር ነገር ብቻ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር።

ዘጠኝና ሦስት ይዤ እጨምር ጀመር። አሥርና አራት ይዤ እጨምር ጀመር። አንተ በኦሮምኛህ መምህርት እያልክ ትጽፋለህ፦

«ባርሲፍቱ፣ ዛሬ ምን በልተሽ ነው?»

«ገንፎ።»

«በርበሬው በዝቶበታል!»

በዚያ ወር አራት ጊዜ ካርድ ሞላህልኝ። ቀነአ፣ አንዱንም አልተጠቀምኩበትም። ለማን ልደውል? የምደውልለት ሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገበታው ላይ ይቀርባል። ከቀትር በኋላ መነጽሬን ወልውዬ፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ፣ ስምህ አረንጓዴ እስኪሆን እጠብቅ ነበር። አንዳንድ ቀን ኔትዎርክ አይኖርም። ያን ቀን እራቴ አይጣፍጠኝም። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

አራት ዓመት ተጫወትን። አኖ በሚኒባስ ከምሳ በፊት የሚደረስበት ከተማ ነው። መንገዱም ኋላ ተከፈተ። አንተ «ልምጣ» አላልክም፤ እኔም «ና» አላልኩህም። ስለዚያ ስለ ድሮው ነገርም አንድ ቃል አልተነፈስንም። ሁለታችንም የተሻለ ካርታ እንጠብቅ ነበር መሰለኝ።

ሌንሳ ተመርቃ ሄደች፤ ገበታው ላይ ሁለት ቀረን። ከዚያ የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ መጣ። ሰባትና ሁለት ደረሰኝ። ሌንሳ ከካርታ ሁሉ የከፋው ይህ ነው ብላ አስተምራኛለች። ጨመርኩ። ተከተልከኝ። መሃል ላይ ንጉሥ፣ ዘጠኝና አራት ተገለጡ፤ ከእኔ ጋር የሚዛመድ አንድም የለም። ጨመርኩ። ተከተልከኝ። አራተኛው ስምንት ሆነ። የቀረኝን ሁሉ ገፋሁ። ረጅም ጊዜ ቆየህ። ከዚያ ጣልክ።

ዝም ብዬ መውሰድ እችል ነበር። ነገር ግን የመምህርነት በሽታ አለብኝ፤ ተማሪ የሳተበትን ካላየ አይማርም እላለሁ። ካርታዬን ገልጬ አሳየሁህ። አንተም የራስህን ገለጥክ፦ ንጉሥና ዘጠኝ። ሁለት ጥንድ ይዘህ፣ ምንም ላልያዘች ሴት ጣልክ። እየሳቅኩ በርበሬውን እስክታነሳ ስጠብቅ እንዲህ ብለህ ጻፍክ፦

«ሸዋ፣ ያን ጊዜም የጣልኩት እንዲህ ነበር እንዴ?»

ከገበታውም ወጣህ። ስምህ ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ አልሆነም።

አዎ፣ ቀነአ። እንዲህ ነበር።

በ1971 ጥር ወር፣ ርዕሰ መምህራችን ጂሩና ሁለት የጉቶ ጊዳ ሽማግሌዎች ለአንተ ሊጠይቁኝ አባቴ ቤት ሲመጡ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አባቴ ከመንዝ የመጣ ሰው ነበር። በእኛ ቤት ልጅ በመጀመሪያ ጥየቃ አትሰጥም፤ ከተሰጠች «ምን ጎድሏት ነው?» ይባላል። ሽማግሌ ይመለሳል፣ ይለምናል፣ በሦስተኛው እሺ ይባላል። እናም አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «ልጄን ለሌላ ሰው አስቤያታለሁ» አላቸው።

ሌላ ሰው አልነበረም። ማንም አልነበረም። ባዶ እጁን ነው የጨመረው።

ሰኞ ጠዋት መምህራን ክፍል ውስጥ «አከም ቡልቴ» ብለህ ሰላም ብለኸኝ ዓይንህን ሳታነሳ ጠመኔህን ይዘህ ወጣህ። «ሌላ ሰው የለም።» ሦስት ቃል ነው። በቀን ሦስት መቶ ቃል በሰሌዳ የምጽፍ ሴት ሦስት ቃል አቃተኝ። ሴት ልጅ በራሷ ጉዳይ ቀድማ አትናገርም ተብዬ ተምሬ ነበር፤ ትምህርቴን ደግሞ በደንብ የማጠና ነበርኩ። ለማንኛውም በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳሉ አልኩ።

የማታውቀው ይህ ነው። በሁለተኛው እሑድ አባቴ ከጎረቤት ሦስት ወንበር ተውሶ፣ የራሱን ባለመደገፊያ ወንበር ጨምሮ ከማንጎው ሥር ደረደራቸው። የራሱን ለአንተ ነበር ያሰበው። «ልጁ አብሯቸው ከመጣ በዚህ ይቀመጥ» አለ። ጋቢውን አጣፍቶ ደጅ ደጁን ሲያይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆየ። «ዝናብ ይዟቸው ይሆናል» አለን። በጥር! በሦስተኛው እሑድ እንደገና አወጣቸው። በአራተኛው የሰው ወንበር መለሰ። አንተ ወደ አኖ ዝውውር መጠየቅህን የሰማነው በዚያው ሳምንት ነው። ከዓመታት በኋላ፣ ሊሞት ሰሞን፣ ከእንቅልፉ ነቅቶ «ያንን ልጅ አበዛሁበት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለም አባባ» አልኩት። ለእሱም ዋሸሁ።

ቂም የለኝም። ድርቤን የመሰለች ሚስት አገባህ፤ ነፍሷን ይማር። ሜቲን ወለዳችሁ፣ ከሜቲም ሌንሳ መጣች፤ ሌንሳም አንተን መልሳ ሰጠችኝ። ድርቤ በሕይወት ብትኖር ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። እኔ ግን ከሌላ ሰው ጋር አልሆንኩም። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም። ከአንተ በኋላ የመጡት ሁሉ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ መመላለሳቸው አናደደኝ።

ትናንት ሌንሳ ደወለች። እናቷ ሰኞ መጥታ ጠቅልላ ወደ ሐዋሳ ልትወስድህ ነው። ላምህን ለጎረቤት አደራ ሰጥተሃል። «አካኮ እሺ ብሏል፤ ግን ዝም ብሏል» አለችኝ። እሺ ስትል ምን እንደምትመስል አውቃለሁ፤ ደብተሬ ላይ አለ።

ስለዚህ እጨምራለሁ። በእጄ ያለው ይህ ነው፤ ገልጬ አሳይሃለሁ፦ ሰባ ዓመት፣ ሞራ የጋረደው አንድ ዓይን፣ ሰው ሲሳሳት ማረም የማይተው ምላስ፣ ሌንሳ የለቀቀችው አንድ ክፍልና ፍሬ የማያቋርጥ አንድ ማንጎ። ሰባትና ሁለት ነው። ብዙ ሰው ባለበት ገበታ ይህን ይዤ አልቀመጥም። ነገር ግን ስንት ቀርተናል? ጂሩ የለም። ሽማግሌዎችህ የሉም። አባቴ የለም። ያን ጥር የሚያስታውስ ከአንተና ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ሐዋሳ አትሂድ። ወደ እኔ ና። ሜቲ ብትቆጣ እኔ አነጋግራታለሁ፤ ከእሷ የባሱ ወላጆች አነጋግሬ አውቃለሁ።

የምልከው ሽማግሌ ስለሌለኝ ራሴ እመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ገቢሳ ይባላል። ድሮ ማባዛት ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ በባኮ መንገድ ሚኒባስ ይነዳል። እሑድ ከእሱ ጋር ነኝ። አንተ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ ጠብቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጅህ እንደርሳለን። ቤትህ አስፋልቱ ዳር እንደሆነ ነግረውኛል። እንድገባ ካልፈለግህ በሩን ዝጋው፤ ሳልወርድ አልፌ ባኮ እሄዳለሁ።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው። ልሰርዘው ነበር፤ ነገር ግን ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ እዚያው ይቀመጥና እውነቱን ከሥሩ አንብብ፦ በሩ ቢዘጋም እወርዳለሁ። ቢዘጋ አንኳኳለሁ። ባትከፍት እመለስና በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ፤ ሐዋሳም ብትሆን። በእኛ ቤት ሽማግሌ የሚመላለሰው እንዲህ ነው።

ለመቀመጫም አትጨነቅ። የአባቴን ባለመደገፊያ ወንበር ገቢሳ ጣሪያው ላይ ይጭንልኛል። አንድ እግሩን አስጠግኜዋለሁ። አርባ ሰባት ዓመት ሲጠብቅህ የኖረ ነውና በእሱ የምትቀመጠው አንተ ነህ። ለእኔ ከቤትህ አንድ በርጩማ አውጣልኝ።

ጤናህ እንዴት ነው?

ሸዋገነት ይስማው
ነቀምቴ፣ ረቡዕ