ጫፍ የሌላት ቢላዋ

ለምወድሽና ለምትቆጪኝ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል እማ? ወገብሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ዳገቱን ስትወጪ አሁንም ያጉረመርማል ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? ያቺ ተዋጊ ላም ወለደች? የሐይቅ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም፤ ኧረ ሥጋም ጎድሎኛል፣ እሱ ይቆየን። አንቺ እህቴ ፋሪሃ፣ ይህን ለእማ ስታነቢላት መስመር እንዳትዘዪ። ባለፈው አንቺን ያሞገስኩበትን ሁለቴ አንብበሽ የሰደብኩሽን ዘለልሽው አሉ። አንባቢ ነሽ እንጂ ዳኛ አይደለሽም።

እማ፣ በስልክ ያልሽኝን ሰምቻለሁ። «ውሃ ውስጥ ከገባህ ልጄ አይደለህም» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። ይኸው እስካሁን ልጅሽ ነኝ፤ አልገባሁም። ሰው ሁሉ በስልክ በሚጨቃጨቅበት ዘመን እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ የተውኩትን እስክሪብቶ ያነሳሁት ለዚህ ነው። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሶባ፣ የካርቱም መጨረሻ ላይ፣ ዓባይ ዳር የአትክልት እርሻዎች አሉ። ከእኛው አገር የወረደውን ውሃ በሞተር ይስቡታል። የቱቦው አፍ በፌስታልና በተበጣጠሰ የዓሣ መረብ ሲታፈን ሙዓሊም ሀሰን የሚባሉት አለቃዬ አየር የተሞላ ሲሊንደር አዝለው ይጠልቁና ያጸዱታል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ፖርት ሱዳን ባሕር ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔና ነጂብ፣ ያ የከሚሴው ልጅ፣ ዳር ቆመን ወገባቸው ላይ የታሰረውን ገመድ እንይዛለን። አሁን ጆሯቸውን ታመሙና ሐኪም መጥለቅ ከለከላቸው። በእሳቸው ቦታ የሚገባ ሰው ሊኖር ግድ ነው። ነጂብ እንደሆነ ገላውን ሲታጠብም ግድግዳ ይዞ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ።

አተነፋፈሱን አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር አንድ ሀብታም ግቢ ውስጥ ባለ መዋኛ ገንዳ አስተማሩኝ። አትጩኺ! ገንዳ ውሃ አይባልም እማ፤ ሳሙና ያልገባበት መታጠቢያ ነው። ትምህርቱን ስጨርስ አንድ ነገር ቀርቶሃል አሉኝ፤ ቢላዋህን ራስህ መርጠህ አምጣ፣ መምረጥ ካላወቅህ ገመድህን ይዘህ ትኖራለህ አሉ።

ቢላዋ ሲሉኝ ደስታዬ! ኦምዱርማን ገበያ ሄጄ ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ ነፋስ የሚወጋ፣ እጀታው በቆዳ ያጌጠ ገዛሁ። ጭኔ ላይ አስሬ በሓፍላ፣ ማለት በሚኒባስ፣ ስመለስ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ፤ ሁለት ቦታ ይዤ ተንደላቅቄ መጣሁ። ነጂብን አዞ ታግዬ የቀማሁት ነው ብዬው ግማሽ ቀን አምኖኛል። ሙዓሊም ሀሰን ግን አይተው ሲስቁ ጥምጣማቸው ወለቀ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ልትጠልቅ ነው ወይስ ግመል ልታርድ?» አሉኝ። ቀጥለው የፕላስቲክ በርሜል ጭቃ ውሃ ሞሉበት፣ የቆየ መረብ ጨመሩበት፣ ዓይኔን በነጂብ ሻርፕ አሰሩና ክንዴን ከነቢላዋው ከተው በመረቡ ጠቀለሉት። ያላ፣ ራስህን ፍታ አሉኝ። ዓባይ ውስጥም እንደዚሁ ጨለማ ነው፤ በዳሰሳ ነው የሚሠራው። ታገልኩ፣ ገፋሁ፣ ቷ! አለ። በርሜሉን በሳሁት። ውሃው የሙዓሊሙን ነጭ ጀላቢያ እስከ ጉልበት አጨቀየው። አልተቆጡም። ሻርፑን ከዓይኔ ላይ አንስተው ቀዳዳውን አሳዩኝና፣ ይህ በርሜል የአየር ቱቦህ ቢሆንስ? ሆድህ ቢሆንስ? አሉኝ። ሳቄ ያኔ ቆመ።

ሁለተኛ ጊዜ ብልጥ ሆንኩ ብዬ ትንሽ፣ የሚታጠፍ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ አመጣሁ። አሁንም ዓይኔን አሰሩኝ፤ በዚያ ላይ ቀኝ እጄን መረብ ይዞታል ብለው ከኋላዬ ጠፈሩት። በአንድ እጅ ቢላዋው እምቢ አለኝ። በጥርሴ ልከፍተው ስል ጉንጬን መታ መታ አደረጉና አፍህ እኮ የአየሩን ቧንቧ ነክሷል፣ በምን ጥርስህ ነው አሉኝ። ነጂብ መሬት ላይ ተንከባለለ። ያ ቢላዋ እርጥብ እንደሆነ አደረና በነጋታው ፊቱ ላይ ዝገት ወጣበት፤ ለነጂብ ብርቱካን መላጫ ሰጠሁት።

ሦስተኛዋን ከፖርት ሱዳን የጠላቂ ዕቃ እያመጡ ከሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አገኘኋት። እንዲህ ያለች አስቀያሚ አይቼ አላውቅም። ርዝመቷ ከመዳፍሽ ብዙ አያልፍም። ጫፍ የላትም፤ እንደ ካቻቢቴ ጠፍጣፋ ሆና ተቆርጣለች። አንዱ ጎኗ ስለት፣ ሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ናይለን በመጋዙ ይቆረጣል፣ ቀጭን ክር ደግሞ ከወገቧ ላይ ባለች ስንጥቅ ገብቶ ጥርቅ ይላል። እጀታዋ ቢጫ ነው። የአክስቴ ልጅ ሉጥፊያ፣ እዚሁ ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው፣ ስታያት «ጥርስ አብቅላ አፍንጫዋን የጣለች አሮጊት» አለቻት። ስቃ ስታበቃ ግን አፎቷን ደረቴ ላይ የሚይዝ ማንገቻ ሰፋችልኝ፤ ቀኜም ግራዬም እኩል እንዲደርስባት። አፎቷን ዘቅዝቄ ብወዘውዘው አትወድቅም፤ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርጋት ግን ትወጣለች። በበርሜሉ ሙዓሊም ሀሰን በቀኜም በግራዬም ፈተኑኝ። መረቡ ተበጣጥሶ ወጣ፤ እኔ አልተጫርኩም፣ በርሜሉም አላለቀሰም። «ኮይስ» አሉ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። እሳቸው ዘንድ ይህች ቃል የሠርግ እልልታ ናት።

የምትፈሪው ውሃውን ብቻ ሳይሆን አመሌንም እንደሆነ አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቁታል። ገመዱን አንዴ መሳብ ደህና ነኝ፣ ደጋግሞ መሳብ አውጡኝ ማለት ነው፤ በገመድ የቀለድክ ቀን ከዚህ ወንዝ ዳር ዞር ትላለህ ብለውኛል። መሬት ላይ ግን አልከለከሉኝም፤ ትናንት የነጂብን ጫማ ባልዲ ሥር ደብቄ ነበር።

እማ፣ አሁን ቀልዱን ላቁመው። ፋሪሃ፣ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢ። አባዬን የወሰደው ሐይቁ አይደለም፤ ሐይቁን እንደ ግቢው ያውቀው ነበር። እግሩን የያዘው የገዛ መረቡ ነው። ጋሽ ጀምበሬ በታንኳቸው ደርሰው ሲያወጡት ጣቶቹ ናይለኑን ሊበጥሱ ታግለው ተቆራርጠው ነበር። አንቺም አይተሻል፣ እኔም አይቻለሁ፤ አውርተነው ግን አናውቅም። ይህችን አፍንጫ የለሽ ደረቱ ላይ አንግቷት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምትቆጪው ሰው ሁለት ይሆን ነበር።

ስለዚህ የመጨረሻውን ምርጫ ለአንቺ ትቼዋለሁ። ነጂብ ለእህቱ ሠርግ ወደ ከሚሴ ይሄዳል፤ ሐይቅ ድረስ መጥቶ ይህን ደብዳቤና ቢላዋዋን ይሰጥሻል። አብልተሽ ላኪው፤ ሦስት እንጀራ ከበቃው ታሟል ማለት ነው። ከዚያ ከጓዳው በስተጀርባ ሰቅለሽ ማንም እንዳይነካው የከለከልሽውን የአባዬን መረብ አውርጂው። ፋሪሃ ዓይንሽን በሻሽ ትሰርልሽ፣ ግራ እጅሽን በመረቡ ትጠቅልልሽ። አንቺ ቢላዋዋን በዳሰሳ አውጪና ራስሽን ፍቺ። ካስቸገረችሽ እዚያው አስቀሪያት፤ ወላሂ አልከራከርሽም፣ ገመዴን ይዤ ዳር እቆማለሁ። ከፈታችሽ ግን ከቆረጥሽው መረብ አንዲት ክር ቢጫው እጀታ ላይ ቋጥሪና በነጂብ እጅ መልሺልኝ። ስልክ አትደውዪ፤ ክሯን ሳይ እንደመረቅሽኝ አውቃለሁ። ሙዓሊም ሀሰንም እስከዚያ ታግሰው ይጠብቁኛል፤ እናቱ ያልፈቀደችለትን ልጅ እኔም ውሃ አላስገባም ብለዋል።

ትንሹን ወንድሜን ሙሄዲንን ሳሚልኝ፤ ትልቁን ቢላዋ ለእሱ አስቀምጫለሁ በይው፣ ሲያድግ ግመል ያርድበታል። ጋሽ ጀምበሬን እጃቸውን ሳሚልኝ። ፋሪሃን ሰላም አልላትም፤ አፏ ውስጥ ስለሆንኩ ራሷን ሰላም ትበል። ላሟንም በሩቁ ሰላም በይልኝ፣ አትጠጊያት። ሉጥፊያ ጉንጭሽን ስማለች። ቢላዋዋን ግን ሽንኩርት እንዳታስነኪያት እማ፤ ከደረቴ ላይ ሽታው ቢመጣ ውሃ ውስጥ ማልቀስ አይቻልም።

ያልገባው ልጅሽ
ሙባረክ

ሶባ፣ ካርቱም
ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.