«አንዲት ወይዘሮ» ሲባሉ የኖሩት የወይዘሮ ቶማሲን ዶውን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቶማሲን ዶውን ከመርከብ ሸራ ሰፊው ከአቶ ጆብ ኬልዌይና ከወይዘሮ ዶርካስ ፔን በ1762 በእንግሊዝ አገር፣ በፕሊመዝ ወደብ ተወለዱ። ንባብ ከአባታቸው፣ መርፌ ከእናታቸው ተማሩ።

በ1781 አሥር አለቃ ኤልካና ዶውንን አግብተው ከጦሩ ጋር በሰሜን አሜሪካ ወዳለው የሃሊፋክስ ወደብ መጡ። አንዲት ሴት ልጅ ወልደው ነበር፤ በዘጠኝ ወሯ ሞተች። በ1786 ባለቤታቸው በትኩሳት አረፉ። ከዚያ ወዲያ በጦሩ ግቢ አጠገብ፣ በአንዲት ክፍል፣ የወታደር ሸሚዝ እየሰፉ ብቻቸውን ኖሩ።

በ1788 ክረምት መኮንኖቹ በድርቆሽ መጋዘኑ ውስጥ ቲያትር ጀመሩ። ሴት ሆኖ የሚጫወተው ጢሙ የጠቆረ አንድ መቶ አለቃ ነበር። ወታደሮቹ ከኋላ ወንበር «ኧረ ሙሽሪትን ላጯት!» እያሉ አላስጨርስ ሲሉ፣ መኮንኖቹ ልብሳቸውን የሚሰፉላቸውን ወይዘሮ ቶማሲንን ለመኑ። እሳቸውም በዚያው ጦር ያገለግል የነበረውን የታላቅ ወንድማቸውን የሃምሳ አለቃ አምብሮስን ፈቃድ ጠየቁ።

«ተጫወቺ። የምትጠሪበት የኤልካና ስም ግን መጠጥ ቤት በር ላይ ተለጥፎ ዝናብ አይመታውም» አላቸው።

«እኔስ ስም የለኝም ወይ?» አሉት።

ቆቡን ደፍቶ ወደ ሥራው ሄደ።

ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ክረምት ሙሉ፣ መጠጥ ቤቱ በር ላይ በሚለጠፈው የቲያትሩ ማስታወቂያ የመኮንኖቹ ስም ሲታተም የእሳቸው ቦታ «አንዲት ወይዘሮ» ተባለ። ንግሥትም፣ ገረድም፣ ልጅ የሞተባት እናትም ሆነው ተጫወቱ። ጭብጨባው ሲያበቃ መኮንኖቹ ወደ እራታቸው፣ እሳቸው ወደ ክፍላቸው ይሄዱ ነበር። የሚሸኛቸው አልነበረም። ወንድማቸው አንድ ቀን እንኳ ገብቶ አላያቸውም። በር ጠባቂ በሆነ ጊዜ ድምፃቸውን በሳንቃው በኩል ሰምቷል።

በ1807 ጦሩ ሲለወጥ ቲያትሩ ተዘጋ። ዓይናቸው እስኪደክም ሰፉ። ሦስት ሳምንት በሳንባ ሕመም ተኝተው፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1820፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ከአልጋቸው ሥር በነበረ ሳጥን አርባ አንድ ማስታወቂያ ተገኘ። በእያንዳንዱ ላይ «አንዲት ወይዘሮ» ከሚለው ሥር በመርፌ ጫፍ የተወጋ ጽሑፍ አለ። ወረቀቱ ወደ መስኮት ብርሃን ካልተነሣ አይታይም። ቶማሲን ዶውን ይላል።

ከቤተሰባቸው የቀረው ወንድማቸው ብቻ ነው። ይህን የሕይወት ታሪካቸው የተጻፈበትን ወረቀት ዛሬ ጠዋት በእጁ ወስዶ መጠጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፎታል። ዝናብ እየመታው ነው።

ቶማሲን ዶውንን እግዚአብሔር በስማቸው ይጥራቸው።