ጎረቤት የሌለው ካቢን

የኔዋ ሰብልዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። አንቺን ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ይልቅ የእኛን ልንገርሽ። ከተለያየን ስምንት ወር ሆነን። የሄድሽው ዝናቡ በማያባራበት በገና ሰሞን ነበር፤ አሁን ነሐሴ እየተጋመሰ ነው፣ ከተማችን ፌደራል ዌይም በዓመት አንዴ የምታሳየንን ፀሐይ አሳይታ ልትጨርስ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ። ውሸቴን ነው። አንቺን መዋሸት ድሮም አይሆንልኝም፣ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

ቤቱ ያው አፓርታማው ነው። መኝታ ቤቱን እናትሽና ሄለን ይዘውታል፤ እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ ነኝ። ሄለን ረዝማለች፤ ያንቺን ግራጫ ሹራብ ትለብሰዋለች፣ እጅጌውም ልኳ ሊሆን ምንም አልቀረው። እናትሽ አንቺን ሊያስታምሙ የመጡበት ቪዛ እያለቀ ስለሆነ በመስከረም ወደ ደብረ ሲና ይመለሳሉ። አያትና የልጅ ልጅ አንድ አልጋ ላይ እያደሩ አይግባቡም፣ ታምኚኛለሽ? እናትሽ በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ ሄለን በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን ያዩኛል። ይሄ ሥራ ያንቺ ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ከኤርፖርት ሰው ሳመላልስ ውዬ ስገባ ለራሴም የምናገረው ቃል አይተርፈኝም።

ዛሬ ግን የምጽፍልሽ ስለ ካቢኑ ነው።

መቼም አትረሺውም። ታኮማ የአረጋውያን ቤት ስትሠሪ የምትንከባከቢያቸው ሴትዮ ስለ ውቅያኖሱ ዳር አጫወቱሽና አበድሽ። ከአበርዲን ከተማ ወዲያ ካቢን የሚባሉ የእንጨት ቤቶች አሉ፣ በበጋ እንኳን ጠዋት ጠዋት ጉሙ እጅሽን አያሳይሽም ብለው ነገሩሽ። ሌላው ሰው ፀሐይ ፍለጋ ካሊፎርኒያ ይወርዳል፣ የኔ ሚስት ጉም ፍለጋ ትሄዳለች ብዬ ሳቅሁብሽ። የድሬዳዋ ልጅ ነኛ! ሰው ከፍሎ ብርድ ሲገዛ አይቼ አላውቅም አልኩሽ። አንቺም የጣርማ በርን ጉም ያልጠጣ ሰው አየር ምን እንደሆነ በምን ያውቃል ብለሽ አፌን አስያዝሽኝ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ካርታው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ሽሮው በምን ይያዛል፣ ድስቱ የትኛው ነው፣ ሄለን ምን ትለብሳለች ስትዪ ታመሺያለሽ። ለሄለንም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ እንደ ተረት ታወሪላታለሽ፤ ምድጃ አለው፣ እንጨቱን አባትሽ ይፈልጣል፣ አንቺና እኔ አሸዋው ላይ እንሮጣለን ትያታለሽ። ሰዎቹ ከአሸዋ ውስጥ እየቆፈሩ የሚያወጡትን ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር ግን እናያለን እንጂ አንበላም ስትያት ትስቃለች።

በየዓመቱም አንድ ነገር ይመጣል። መኪናው ይሰበራል፣ ፈረቃዬ ይቀየራል፣ አንቺ የታመመች ጓደኛሽን ቦታ ትሸፍኛለሽ። ለከርሞ፣ ሲሞላልን እንላለን። ሞት ሲሞላልን አልጠበቀም፣ ሰብልዬ። ሁለት ቀን ነበር እኮ የፈለግሽው፣ ሁለት ቀን ጉም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሄለን ካርታውን ከመሳቢያ አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው። ዳድ፣ ማሚ ፕሮሚስ አድርጋልኛለች አለችኝ። ምን ልበላት? የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ብዬ ደውዬ አንድ ካቢን ያዝኩ። እናትሽ ጾሙ ሳይፈታ የትም እንደማይንቀሳቀሱ ታውቂያለሽ።

ወሬው እንደተሰማ አስቴር፣ እህቴ የምትያት አስቴር፣ ኮል አደረገች። ኦኬ፣ ሶ ዓመቷ እንኳን ሳይወጣ ሽርሽር ልትሄዱ ነው? እናቷን ከነጥቁር ልብሳቸው ቢች ልትወስዳቸው? ሰው ምን ይላል፣ በናትህ ካንስል አድርገው አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት። ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር አይሰለቸውም እንዴ እዚህ ድረስ ተከትሎን የመጣው? ከዘጋሁት በኋላ ግን ነገሩ ውስጤ ገባ። እናትሽ አንዲት ቃል አልተናገሩማ። እሺም እምቢም ሳይሉ፣ ጥቁራቸውን እንደለበሱ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለዋል። እምቢ ካሉ ጥያቸው አልሄድም። ከቀረን ደግሞ ሄለን ካንቺ የቀራትን አንድ ቃል ኪዳን እኔው በእጄ ላፈርስባት ነው። ሁለቱንም አንቺ ነሽ አደራ ያልሽኝ። ማንኛቸውን ልበድል?

እንዲያው ልባቸው ቢራራ ብዬ ስሊፒንግ ባግ የሚሉትን የመኝታ ከረጢት ገዝቼላቸው መጣሁ። ሄለን ገብታበት ዚፑን እስከ አንገቷ ስባ ስታሳያቸው አማተቡ። በቁሜ አልገነዝም፣ ጋቢዬ ይበቃኛል አሉ። ከሄድሽ ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቅሁት። ወዲያው አንቺ ብትኖሪ ሆድሽን ይዘሽ እንዴት እንደምትስቂ ታየኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ካርታው ላይ አቀርቅሬ ሳለ እናትሽ መጡና ከጎኔ ቆሙ። የምትሄዱበት ቦታ ጎረቤት አለው? አሉኝ። ፈርተው መሰለኝ። ባዳ አገር፣ ጫካና ባሕር፣ ይፈራሉ ብዬ ቶሎ ላረጋጋቸው ሞከርኩ። ኧረ እማማ አይስጉ፣ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው፣ ሰው ሞልቶታል አልኳቸው። ፊታቸው ጨለመ። እንግዲያስ እኔን ተዉኝ፣ ጎረቤትስ እዚህም ሞልቷል ብለው ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

አልገባኝም። ሻይ ይዤላቸው ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሻዩን መስኮቱ ላይ አስቀመጡና፣ ልጄን ሳላለቅሳት ነው አገሬ የምገባው? አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አንቺ ያረፍሽ ዕለት የሆነውን አላየሽም፣ ልንገርሽ። ከሆስፒታል ተመልሼ በሩን ስከፍት ፊቴን አይተው አወቁ። ወይኔ ልጄን! ብለው ጮኹ። ከታች ያለው ሰውዬ ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበው። ሲደግሙት የአፓርታማው ማናጀር መጥታ አንኳኳች፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ የተጎዳ ሰው አለ ብላ ነው። እነ አስቴር ደነገጡ። እማማ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይለቀስም፣ ፖሊስ ይጠሩብናል እያሉ የገዛ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙባቸው። ቀብሩም ላይ የመቃብሩ ሠራተኞች ዳር ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ደረቷን ልትመታ፣ ሙሾ ልታወርድ የሚገባት እናት ነጠላዋን ነክሳ ልጇን ቀብራ ገባች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እናትሽን የቸገራቸው ግን እንባው አይደለም፣ የሚያለቅሱበት ቦታ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ይሄን ይዘው መስኮት ሥር ተቀምጠዋል፣ እኔ የአገር ናፍቆት ነው እያልኩ።

ወዲያው ለካቢኖቹ ሰዎች ደወልኩ። መጨረሻ ላይ ያለ፣ ከሌሎቹ የራቀ ካቢን አላችሁ ወይ አልኳት ስልኩን ያነሳችውን ልጅ። አንድ አለ፣ ግን ሰው አይመርጠውም፣ ማዕበሉ በጣም ስለሚጮኽ አያስተኛም አለችኝ። እሱን ስጪን አልኳት። ጸጥታ የምትወዱ ቤተሰብ ናችሁ ማለት ነው አለች በደስታ። አዎ አልኳት። ስልኩን አስቀምጬ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ቆየሁ። ለእናትሽ ስነግራቸው ተነስተው ጋቢያቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

የቀረኝ ሄለን ነበረች። ልጅቷ ካምፒንግ ብላ ስትጠብቅ እኛ ለቅሶ ልናደርግባት ነው። ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። አያትሽ እዚያ እናትሽን ያለቅሷታል፣ ጮክ ብለው ነው፣ ደረታቸውንም ይመታሉ፣ እንዳትደነግጪ አልኳት። የሹራብሽን እጅጌ እየጎተተች ቆየችና፣ ካን አይ ዱ ኢት ቱ? አለችኝ። እኔም ማልቀስ እችላለሁ ወይ ማለቷ ነው። ይሄን ሁሉ ወር ጠንካራ ናት፣ ልጅ ቶሎ ይረሳል ስንላት የነበረችው ልጅሽ፣ ለካ ፈቃድ እየጠበቀች ኖሯል። ምን ዓይነት አባት ነኝ አልኩ።

ይሄን ስጽፍ ሁለቱ ወጥ ቤት ናቸው። እቃው ታስሮ አልቋል፣ መኪናው ተጭኗል። እናትሽ ያስተምሯታል፤ ከታች ያለው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

ልጠይቅሽ ብዬ ባሕር ተሻግሬ፣
አፈር አልብሼሽ ልመለስ አገሬ።

ሄለን ተሻግሬ የሚለው ላይ ምላሷ ይያዛል። እናትሽም ይሄ የኔ ነው፣ አንቺ የራስሽን በዪ አሏት። አስተርጓሚ ሳትጠይቅ ገባት። አስባ አስባ አንዲት ቃል ብቻ መረጠች፣ እማዬ። አሁን እሷን እየደጋገመች ትለማመዳለች፣ እናትሽ ደግሞ እጇን ይዘው ደረቷ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ያሳዩዋታል። እዚህ ሆኜ እሰማቸዋለሁ።

እኔም አለሁበት። ለልጅህ ስትል ጠንክር ብለውኝ ጥርሴን ነክሼ ከርሜያለሁ፣ ነገ ግን ማንም ጠንክር የሚለኝ የለም። ከነገ ወዲያም ቢሆን በሕይወት እስካለሁ ስምሽ ከዚህ ቤት አይጠፋም፤ ልጅሽ ልጅ ወልዳ እንኳን ማን እንደነበርሽ እነግራቸዋለሁ። እስከ ዛሬ ያሰብንሽ በሹክሹክታ ነው። ነገ እንጮኻለን፣ ሰብልዬ። ስሚን።