መሰላልና ፋኖስ፦ የአናጺው አጎታችን የሕይወት ታሪክ

አናጺው አጎታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወንዙ ማዶ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በአንድ ዴስክ አብረዋቸው ይቀመጡ የነበሩት ጓደኛቸው ፀጉር አስተካካይ ሆኑ።

በ1968 ዓ.ም. ከጓደኛቸው ፀጉር ቤት ፊት ለፊት የእንጨት ሥራ ቤት ከፈቱ። የሠሩት በር አይጣመምም ነበር። በ1972 ዓ.ም. ነርሷን ባለቤታቸውን አግብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል።

የሰፈሩ ቧንቧ ደርቆ ሰሚ ሲጠፋ፣ በ1990 ዓ.ም. ምልክቱ መሰላል የሆነ ትንሽ ፓርቲ መሠረቱ። ጓደኛቸውም በዚያው ዓመት ባለ ፋኖሱን ፓርቲ አቋቋሙ። ሁለቱም ሁለት ጊዜ ተወዳድረው ወደቁ። አጎታችን ለሠላሳ ምርጫ ጣቢያ የነበሯቸው ታዛቢዎች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ደንበኞቻቸውም፣ “ጋሼ፣ እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት፤ ግን አያሸንፉም። ድምፄን ለምን ላባክን?” ይሏቸው ነበር። እሳቸውም፣ “ሁላችሁም እንዲህ ካላችሁ በምን ላሸንፍ?” ይሉ ነበር።

ለ2002ቱ ምርጫ ሁለቱ ፓርቲዎች ሊዋሐዱ በሥራ ቤቱ ተሰበሰቡ። በቧንቧው፣ በትምህርት ቤቱ፣ በሁሉም ጉዳይ በአንድ ከሰዓት ተስማሙ። የቀረው ምልክቱ ነበር። ጓደኛቸው፣ “አንተ፣ በጨለማ መሰላል የወጣ አንገቱን ይሰብራል” ብለው ቀለዱ። አጎታችን ግን፣ “ፋኖስ ይዞ መሬት ላይ የቆመ ጣሪያ አይነካም” ብለው ተቆጡ። አራት ቅዳሜ ተከራከሩ። በመጨረሻ ጓደኛቸው፣ “ይሁን፣ ሦስተኛ ምልክት እንምረጥ” ሲሉ አጎታችን እምቢ አሉ።

መሰላል 1,204፣ ፋኖስ 1,388፣ አሸናፊው ደግሞ 2,310 ድምፅ አገኙ። አጎታችን የሁለቱን ፓርቲዎች ድምፅ ደምረው ሲያዩ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ያን ቀን ሥራ አልሠሩም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጓደኛሞች አሥራ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። አጎታችን ፀጉራቸውን ለመቆረጥ ሁለት ሰፈር አቋርጠው ይሄዱ ነበር።

የእንጨት ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ለስምንት ወራት ታመሙ። ከማረፋቸው አምስት ቀን በፊት እኔን የእህታቸውን ልጅ፣ “ታሪኬን ስትጽፍ ይህን እንዳትዘል፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ” አሉኝ። “ጓደኛዎን ልጥራቸው?” ስላቸው፣ “ምን ብዬ አየዋለሁ?” ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከሥራ ቤቱ ወደ ፀጉር ቤቱ መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ፈርቼ ቀረሁ።

ባለፈው ማክሰኞ በ68 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ጋሼ ፀጉር አስተካካዩ፣ ዛሬ በመካከላችን አሉ። “እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ” የሚለው መልእክት ለእርስዎ ነበር፤ ዘግይቶ ደረሰዎት። ይቅር ይበሏቸው። ፈጣሪም ነፍሳቸውን ጸጸት በሌለበት ያሳርፍልን።