ስድስት ግንድ ለእሷ፣ ስድስት ለእኔ

ሰኞ፣ ማርች 3 1997

ሦስተኛውም ቅጠል ቢጫ ሆነ። ጫፉ ቡናማ፣ መሃሉ ቢጫ፣ ሥሩ ላይ ብቻ አረንጓዴ። ባንዲራ ለመሆን ቀይ ብቻ ነው የቀረው።

ትናንት ሳን ሆዜ አስቴር ቤት ባልሄድ ኖሮ ይሄን ያህል አይቆጨኝም ነበር። የእሷ ዘንባባ! ሳሎን ጥግ ቆሞ ጣራውን በቅጠሉ ይጠርጋል። ከሶፋው ጀርባ ተንጠራርቶ እንግዳውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ያያል። ልክ እንደ ባለቤቱ።

ዘንባባው እኮ የእኔም ነው። ኦክላንድ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ስንኖር ከያርድ ሴል፣ ሰው ግቢው ላይ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት፣ በጋራ ገዛነው። እሷ አግብታ ሳን ሆዜ ስትሄድ ሥሩን በዳቦ ቢላ ከፍለን ተካፈልን፤ ስድስት ግንድ ለእሷ፣ ስድስት ለእኔ። ሰሎሞን እንኳን ሕፃኑን አልቆረጠውም። እኛ ቆረጥነው።

ስትሸኘኝ በር ላይ፣ "ያንቺስ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ጣራ ነክቷል" አልኩ። እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ቆይቻለሁ፤ ምላሴ ግን ገና አልተቀበለችም።

"ደስ ሲል! ቅዳሜ የእህቶች ጸሎት አንቺ ቤት አይደል? አየዋለሁ።"

የእኔ ዘንባባ ወገቤ ድረስ ነው። ጣራ የሚነካው ባሌ ታደሰ ትከሻው ላይ ካቆመው ነው።

ዛሬ ከሥራ ስገባ አስቴር ኮል አደረገችልኝ። ፕሮሞሽን አግኝታለች። ሱፐርቫይዘር፣ ማውንቴን ቪው፣ የራሷ ቢሮ፣ መስኮት ያለው። "እግዚአብሔር ይመስገን!" አልኩ፤ ከልቤ እንዲመስል ሁለቴ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ለዘንባባው ሁለት ጆግ ውሃ ሰጠሁት።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ነርሲንግ ሆም አረጋውያን ነው የማስታምመው፤ የሕመምተኛ ቻርት መጻፍ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ፦

ታማሚ፦ ዘንባባ።
የታችኛው ቅጠል፦ ቢጫ።
ጫፍ፦ ደረቅ፣ ሲነኩት ይሰበራል።
አፈር፦ ጥቁር፣ ርጥብ፤ ትንንሽ ዝንቦች ይዞሩታል።
ሽታ፦ አለ። ብዙ አልጠጋሁም።
አቋም፦ አንገቱን ደፍቷል።
ፍላጎት፦ ውሃ ሲሰጠው እምቢ ብሎ አያውቅም።
ምርመራ፦ ጥም።
ትእዛዝ፦ አንድ ጆግ።

ታደሰ እያየኝ፣ "አንቺ፣ ይሄ ነገር ውሃ የጠማው አይመስለኝም" አለ። ከወደብ ኮንቴይነር የሚጎትት ሰው ስለ ተክል ምን አገባው? ዝም አሰኘሁት።

አስቴር ደግሞ ደወለች። "ኢሜይል የለሽም እንዴ? የዘንባባዬን ፎቶ እልክልሽ ነበር። አዲስ ቅጠል አወጣ እኮ!"

አንድ ጆግ ጨመርኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ስፔሻሊስት ጠራሁ። እትዬ በላይነሽ ከታች ፎቅ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ከሆድ ቁርጠት እስከ ትዳር ያላከሙት የለም። የቅጠሉን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው እንደ ጸጉር አሹት።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ተሰነጣጥቋል። ጸጉርሽ እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጊያለሽ?"

"ቅቤ እቀባለሁ፣ እትዬ።"

"እንግዲያማ! እኔን ለምን አስጠራሽኝ?"

ፍሪጅ ውስጥ ጨው የሌለው አንድ ጥቅል ቅቤ ነበረ። አቅልጬ ቅጠል በቅጠል ቀባሁት። አበራ! እንደ ሙሽራ። እትዬ በላይነሽ፣ "ቢጎነጎን ኖሮ ሹሩባም ይሠራለት ነበር" ብለው ወረዱ።

ልጄ ሳሮን ከትምህርት ቤት መጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። "ማሚ፣ ዋይ ዳዝ ዘ ትሪ ስሜል ላይክ ኪችን?" አለች። ተቀብቶ ነው አልኳት። "ኢት ኒድስ ኤ ሻወር" አለችኝ። ስድብ መስሎኝ ተቆጣሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ጉንዳን። ከመስኮቱ ጀምሮ ምንጣፉን አቋርጦ እስከ ዘንባባው ድረስ፣ በአንድ መስመር፣ በሥነ ሥርዓት። ቅቤው ላይ ደግሞ አቧራ ተለጥፎበታል። ልጅቷ ልክ ነበረች።

ዘንባባውን ከነማሰሮው ጎትቼ የገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ አስገባሁት። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ቅጠሉን አንድ በአንድ፣ ከላይም ከታችም።

ታደሰ ከወደብ ገባ። እንደ ልማዴ ከመታጠቢያ ቤት ሆኜ ጮህኩ፦ "ቀናህ?"

"ሁለት ጭነት ቀናኝ። ወጪ፣ ገላዬን ልታጠብ።" በሩን ከፈተ። እኔን አየ፤ ገንዳውን አየ፤ ጨርቁን አየ። "እኔ ጀርባዬን እሺልኝ ካልኩ ስንት ዓመቴ ነው?"

"ቀናህ?" አልኩት፣ አሁን በሌላኛው ትርጉም።

"ቀናሁ" አለ፤ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተራውን ይጠብቅ ጀመር።

የስልኩ ድምፅ መቅጃ ላይ የአስቴር መልእክት አገኘሁ። "ቅዳሜ ሦስት እህቶች ከሳን ሆዜ ይዤ እመጣለሁ። ስለ ዘንባባሽ ነግሬያቸው ማየት አማራቸው።" ቀድሞውኑ የረጠበ ነው ብዬ አልተውኩትም። አንድ ጆግ።

ዓርብ፣ ማርች 7

ዛሬ ፍሩትቬል ሰፈር ተክል መሸጫ የሄድኩት ለማጭበርበር ነው። እዚሁ ይጻፍ። ጣራ የሚነካ ዘንባባ ገዝቼ ያለኝን ልተካ፣ የታመመውን ልጥል። ለናሙና አንድ ቅጠል ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

ተክል የሚሸጠው ሜክሲኳዊ ሽማግሌ ነው። የእሱ እንግሊዝኛና የእኔ እኩል ስለሆነ ተግባባን። ቅጠሉን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

"ውሃ በስንት በስንት ቀን ነው?"

ቁጥሩን አላስታውስም። ይሄው ማስታወሻዬ ግን ከቦርሳዬ አይለይም። አወጣሁና መቁጠር ጀመርኩ። ከሰኞ ወዲህ አምስት ጆግ። ከአምስቱ አንዱ በምርመራ የታዘዘ ነው። አራቱ በአስቴር ስም የገቡ ናቸው። ወደ ኋላ ገለጥኩ። ፌብሩዋሪ፦ አስቴር አዲስ መኪና፣ አንድ ጆግ። ጃንዋሪ፦ አስቴር ቤት ገዛች፣ ሦስት ጆግ። ያቺ ሴት በተሳካላት ቁጥር እኔ ዘንባባውን ሳሰጥም ኖሬያለሁ።

ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ሽማግሌው፣ "ሴኞራ፣ ይሄ ዓሣ አይደለም" አለ። "ማሰሮው ከታች ቀዳዳ አለው?"

የለውም። የናስ ነው። የአስቴር ተራ የሸክላ ስለሆነ በልጬ ልገኝ ብዬ ነው የገዛሁት። ሽማግሌው አማተበ።

ረጅሙን ዘንባባ ግን ለካሁት። መኪናችን ውስጥ አይገባም። ኃጢአቴ በመጠን ምክንያት ቀረ። አፈርና የተቀዳዳ የፕላስቲክ ማሰሮ ይዤ ተመለስኩ።

ከናሱ ስነቅለው ሽታው ሳሮንን ከክፍሏ አስወጣት። የሥሩ እኩሌታ ቡናማ ሆኗል፤ ሲጨብጡት ይሟሟል። ያንኑ የዳቦ ቢላ አመጣሁ። የበሰበሰውን ቆርጬ፣ ነጭና ጠንካራ ሥር ያለውን ብቻ አስቀረሁ። ከስድስቱ ግንድ ሦስት ተረፈ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ሦስት ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። አንደኛ፦ ጎረቤት ለሠርግ ተውሶታል። ሁለተኛ፦ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። ሦስተኛውን ስጸልይ ረሳሁት።

አስቴር ገባች፤ ከሰላምታ በፊት ጣራውን አየች። "የታለ?" ከዚያ ዓይኗ ወረደ፣ ወረደ፣ የፕላስቲኩ ማሰሮ ጋ ቆመ። ሦስት ግንድ፤ አንዱ ተንጋድዶ።

"ዋሸሁሽ" አልኩ። "ጣራ ነክቶ አያውቅም። አንቺ ደስ የሚል ነገር በነገርሽኝ ቁጥር ውሃ እየደፋሁበት አበሰበስኩት።" ያመነችኝ ስላልመሰለኝ ማስታወሻውን ከፍቼ ሰጠኋት። ሦስቱ የሳን ሆዜ እህቶች እንደ ችሎት ተደርድረው ተቀምጠዋል።

አነበበች። "ሱፐርቫይዘር፣ ሁለት ጆግ" ስትል ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልገባኝም።

"ቀናሽ?" አለችኝ።

ታደሰን ስለ ሥራው የምጠይቀውን ዓይነት ጥያቄ አስመስዬ "አልቀናኝም" ልላት አሰብኩ። አላልኩም። "ቀናሁ።"

በዚያ ቆንጆ ጉርድ ቀሚሷ ማሰሮው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። "የእኔን እኮ አላየውም። ሥራ፣ ሀይዌይ፣ እንቅልፍ። ትዝ ካለኝ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የማጠጣው።" "ደግሞስ ፕሮሞሽን ሳገኝ ለማን ልደውል? አንቺን እንጂ ማን አለኝ?"

ውሃ ልስጥሽ ልላት ነበር፤ አፈርኩ።

ከጸጉሯ ማሰሪያ አውጥታ የተንጋደደውን ግንድ አፈሩ ላይ ከሰካሁት የቀርከሃ ድጋፍ ጋር አሰረችው። "ይቀናል" አለች።

ሳሮን ከበሩ ላይ፦ "ዘ ትሪ ኢዝ ጄለስ ቱ?" ያኛውን መቅናት መስሏት ነው።

ሳቃችን ሲበዛ እትዬ በላይነሽ ከታች ሆነው በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን ደበደቡ። ለአንድ ሰዓት የታሰበው ጸሎት በሃያ ደቂቃ አለቀ። ዘንባባውም በስሙ ተጠርቶ ተጸልዮለታል።

ሰኞ፣ ማርች 10

ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ከተትኩ። ርጥብ። ውሃ የለም።

መሃሉ ላይ እንደ ጦር የተጠቀለለው አዲስ ቅጠል ቆሟል። ከዓርብ ጨምሯል ልበል? ወይስ ማየት የምፈልገውን እያየሁ ነው? ታደሰ "ያው ነው" ይላል። እሱን ማን ጠየቀው።

አስቴር ደወለች። ለዕረፍት ሃዋይ ልትሄድ ነው። ዘንባባ በየመንገዱ ሳይለመን የሚበቅልበት አገር! ባሕሩ ዳር ያለ ሆቴል፣ አንድ ሳምንት ሙሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። አንዴ ብቻ።

ስልኩን ዘጋሁ። ጆጉን ሞላሁ። ሄጄ ዘንባባው ፊት ቆምኩ። ጣቴን እንደገና ከተትኩ፤ አሁንም ርጥብ ነው።

ጆጉን ቆሜ ራሴ ጠጣሁት።