የላኪ ድርሻ

ለአብሮ አደጌ፣ ለክፉም ለደጉም ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? ያ የሌሊት ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። አለሁ ስልሽ እንግዲህ ቁጭ ብዬ ነው። ቆሜማ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ እስኪፈላ እንኳ አልጠብቅም። ዓይኔ ደህና ነው፣ ምላሴም እንደምታውቂው ነው፤ ስለ ሁለቱ አታስቢ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የደረሰኝ ዘንቢል ውስጥ ከድንች ላይ ተቀምጦ፣ ጠርዙ ተከፍቶ ነው። የአትክልት መደቤን የተረከበችኝ ምራቴ ዝናብ ነክቶት ነው የተከፈተው ብላ በሠራተኛዬ አስነግራኛለች። ዝናብ ከዘነበ ወር አልፎታል። እሷ መቼም ዕቃ የምትጠቀልልበትን ጋዜጣ እንኳ አንብባ ካልጨረሰች አትጠቀልልበትም፤ ይኼ ለማንም አዲስ አይደለም።

ያልሽኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጠቅልለሽ ልትመለሺ እንደሆነ፣ የእናትሽን ቤት እያሳደስሽ እንደሆነ፣ በጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ለእኔ እንዳሰብሽልኝ። ደረጃ የለውም፣ ከአልጋሽ ተነስተሽ ሁለት እርምጃ ከሄድሽ ደጅ ነሽ ብለሻል። አንድ ደህና ሠራተኛ ለሁለታችን እንቀጥራለን፣ ስንጨቃጨቅ እንውላለን ብለሻል። እናቴን ዐሥራ አንድ ዓመት የመገበ እጅ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን አይቀርም ብለሻል።

መልሱን የዚያኑ ዕለት ጽፌልሽ ነበር። አራት መስመር ናት። እሺ፣ መጥተሽ ውሰጂኝ ነው የምትለው። ትራሴ ስር አለች። እሷን ትቼ ይኼን የምጽፍልሽ ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፣ እሱንም ታውቂያለሽ።

መጀመሪያ አኗኗሬን ልንገርሽ። ቤቴ ሃምሳ ስምንት ደረጃ አለው። ለመጨረሻ ጊዜ የወረድኩት ጉልበቴን ለሐኪም ላሳይ ነው፤ ስመለስ ሁለት ሰዎች ከነወንበሬ ተሸክመው እንደ ቁም ሣጥን አወጡኝ። ሐኪሙ ደረጃ አታብዢ አለኝ። በመስኮት ልግባ እንዴ ስለው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አልወረድኩም። ልጄ እንደምታውቂው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። እሱ የቀጠረልኝ ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። ትጠርጋለች፣ ግን ዓይን የሚያርፍበትን ብቻ። ጎንበስ ብዬ አልጋ ስር እንደማላይ ታውቃለች። ባለፈው ምርኩዜ ወደዚያ ተንሸራቶ ገብቶ በመጥረጊያ እንጨት ጎትቼ ባወጣው፣ የበግ ጠጉር የሚያህል አቧራ ጠቅልሎ መጣ። ምን አልኳት መሰለሽ? እኔ፣ ገበያውን በአንድ ጩኸት ጸጥ የማደርገው ሴትዮ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ ብዬ ሸኘኋት። ብትቀርብኝስ?

ዋናው ግን ዘንቢሉ ነው። እሷ ስትመጣ ከምራቴ መደብ ዘንቢሌን ይዛልኝ ነው የምትወጣው። ከላይ ሁለት ቲማቲም ይቀመጣል፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። ከእነሱ በታች ያሉት ጎናቸው የላመ ነው። ሽንኩርቱ ልቡ የጠቆረ፣ ድንቹ ያቆጠቆጠ፣ ጥቅል ጎመኑ የውጭ ቅጠሉ ተልጦ ተልጦ ጭብጥ ያከለ። መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን ሰው ምራቴን አጭበርብሯት ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን አደራደሩን ልብ ብዬ አየሁት። ቆንጆዎቹ ከላይ፣ የላሙት ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው፣ ቅጠላ ቅጠሉ መሐል ለመሐል ተሰግስጎ። ያ የእኔ አደራደር ነው። በእርሳስ ፈርሜ የላክሁት ያህል አወቅኩት።

መደቡ ከመስኮቴ ይታያል። ወንበሬን አስጠግቼ ጠበቅኳት። ሠራተኛዬ ዘንቢሉን ስትሰጣት ምራቴ ጎንበስ ብላ ከመደቡ ስር ካለው ሣጥን ታወጣለች፤ እጇ አይዘገይም፣ ከእኔም ይፈጥናል። መስኮቱን ከፍቼ ልሰድባት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

አንቺ ንግድ ስለማታውቂ ላስረዳሽ። አትክልት መደብ ላይ ሁለት ክምር አለ። አንዱ ፊት ለፊት ነው፤ ለሚመጣው ሰው ነው፤ ለሚነካው፣ ለሚያገላብጠው፣ ለሚነዘንዘው። ሌላው ከስር በሣጥን ነው። እሱን እኛ የላኪ እንለዋለን። እግሩ የከዳው፣ አልጋ የያዘ፣ ሰው ልኮ የሚያስገዛ ሰው ድርሻ ነው። የሚመጣው ሰው አንድ የላመ ብትሰጪው ፊትሽ ላይ ይወረውረዋል። ላኪ ግን ምን ያመጣል? ዋጋው ያው ነው። ከላይ ሁለት ቆንጆ ታለብሺዋለሽ፣ አለቀ። ይኼን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው። እኔ ምራቴን ግን ቁጭ አድርጌ አስተማርኳት። አዲስ ሙሽራ ሆና መደቡ ላይ በቆመች ሰሞን፣ ዘንቢል ስሞላ አይታኝ ይኼ የእኚያ አሮጊት አይደለም እንዴ፣ ነውር አይሆንም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቁልቁለቱን ወርደው አይመልሱት፣ ሙዪ አልኳት። እየሳቅኩ። ሞላች። የዚያን ቀን እያንዳንዱን እያገላበጠች ነበር የምትጨምረው፤ ኋላ ለመደች።

እኚያ አሮጊት እናትሽ ነበሩ።

ወረቀቱን ወርውረሽው ከሆነ አንሺው፤ አልጨረስኩም።

እናትሽን አደራ ብለሽኝ ስትሄጂ የማልኩልሽን አልረሳሁትም። መጀመሪያ ሰሞን ከፊተኛው ክምር ነበር የምልክላቸው፣ እውነቴን ነው። ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው ዘንቢሉን እያመላለሰ። ከዚያ አንድ ቀን ገበያ ቀዝቅዞ ከስር አነሳሁ። ማንም ምንም አላለኝም። አሮጊት ናቸው፣ ምን ያህል ይበላሉ አልኩ። ዘንቢሉ ሁልጊዜ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ከምርቃት ጋር ይመለስልኝ ነበር። አንቺ ደግሞ በየደብዳቤሽ እናቴ ቲማቲምሽን አመስግና አትጠግብም፣ ከጓሮዋ የተለቀመ ነው የሚመስለው ትለኛለች እያልሽ ትጽፊልኛለሽ። ምስኪን፣ ዓይናቸውም ደክሟል ብዬ አለፍኩት። ዓይናቸው አልደከመም ነበር።

አንድ ጊዜ ታመዋል ሲሉኝ ልጠይቃቸው ወጣሁ። እንደ ቤቴ ነውና ሳላንኳኳ ገባሁ። ማድቤት በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው በትንሽ ቢላ ከእያንዳንዱ ቲማቲም ደህናውን እየቆረጡ ሳህን ላይ ያጠራቅማሉ። ከአንዱ ጥፍር የምታህል፣ ከአንዱ ትንሽ ተለቅ ያለች። የሚጣለው ከሚበላው ይበልጥ ነበር። ሲያዩኝ ከወገባቸው ፎጣውን ፈትተው ሳህኑን ሸፈኑት። ከዚያ ሁለት እጄን ይዘው፣ ልጄ እጅሽ ይባረክ አሉኝ።

እንዳላፍር ብለው ነው አልኩ። እንዴት ያሉ ደግ ሴት ናቸው እያልኩ ቁልቁለቱን ሙሉ አለቀስኩ። በሳምንቱ አንድ በአንድ መርጬ ከፊተኛው ክምር ላክሁላቸው። በሚቀጥለውም ሳምንት። ከዚያ ሥራ በዛብኝ መሰለኝ፣ እጄ ወደ ለመደው ሣጥን ተመለሰ። ሳላስብ ያደረግኩትን ምናልባት ሰው ይተውልኛል። ካየሁ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከስር ላክሁባቸው። ሲሞቱ መጥተሽ፣ ሰው ፊት ተንበርክከሽ እጄን ሳምሽው። መንጠቅ ነበረብኝ፣ አልነጠቅኩም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን የዛሬ ሦስት ሳምንት የሆነውን ስሚ። ማድቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቲማቲሜን እየቆረጥኩ፣ ደህናውን ሳህን ላይ እያጠራቀምኩ በሩ ተከፈተ። ምራቴ ናት። ወደ እኔ ከወጣች ወር ከስንት ቀን ሆኗት ነበር። የልጄን መልእክት ልታደርስ ነው የመጣችው። እኔ ምን እንዳደረግኩ ሳላውቀው ፎጣ አንስቼ ሳህኑን ሸፍኛለሁ። እሷ ፎጣውን አየችው። ደህና ነዎት ወይ አለችኝ። እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ ምርጡን ነው የምትልኪልኝ አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ድምፁ የእኔ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እንዳታፍር ብዬ አይደለም የሸፈንኩት። ይቺ ሴት ስታፍር ደስ ባለኝ! እንዳትቆጣብኝ ነው። ብታኮርፍስ? ዘንቢሉ ቢቀርስ? ልጄ ከየመንገዱ እየደወለ አትክልቱ እንዴት ነው ሲለኝም የምመልሰው ያንኑ ነው። የላመ ቲማቲም ከባዶ ዘንቢል ይሻላል። እናትሽም ደግነት አልነበረም የያዛቸው። ለአንቺ ያመሰገኑኝ፣ ዘንቢሉን ያጠቡት፣ የመረቁኝ ሁሉ ፈርተውኝ ነው። እኔን። በጉያቸው ያሳደጉኝን፣ ከአንቺ ጋር በአንድ ሳህን ያበሉኝን እኔን እየፈሩ ዐሥራ አንድ ዓመት ከእጄ በሉ። ምራቴ ላይ ልፍረድ እልና የት ልጀምር?

አንድ ነገር ብቻ ልምከርሽ። ጉልበትሽ እምቢ ማለት ጀምሯልና ነገ አንቺም ላኪ ነሽ። መራመድ እስከቻልሽ ራስሽ ሂጂ፣ ራስሽ ንኪ፣ ነዝናዛ ይበሉሽ። የግድ ስትልኪ ደግሞ ዘንቢሉን ያመጣው ሰው ሳይሄድ ፊትሽ ጠረጴዛ ላይ አስዘርግፊው። እኔ ይኼን እያወቅኩ አላደርገውም። አንቺ ግን ቤቱ የራስሽ ነው፣ ሠራተኛዋን የምትቀጥሪው ራስሽ ነሽ፣ ትችያለሽ።

ስለ ክፍሉ። እፈልገዋለሁ። ደረጃ የሌለው ቤት በሕልሜ ሁሉ አየዋለሁ፤ አንድ ጊዜ አፈር ረግጬ ብሞት ደስ ይለኛል። ግን ያን ክፍል የሰጠሽው ለሌላ ሴት ነው፤ እናትሽን ለመገበችው። እሷ ኖራ አታውቅም። ክፍሉ ደግሞ ከማድቤቱ ጎን ነው፤ በርጩማው አሁንም እዚያው ከሆነ እንዴት እንደማልፈው አላውቅም። ይኼን ሁሉ አንብበሽ ነይ ካልሽኝ ግን እመጣለሁ፤ እንደ ቁም ሣጥን ተሸክመው ያውርዱኝ። አልልም ካልሽም ለመስደብ ብለሽ አትድከሚ፣ ዝም በይ። እረዳዋለሁ። ትራሴ ስር ያለችውን እሺታዬን ሠራተኛዬ ስትመጣ እሳት ውስጥ አስጨምራታለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ይጠብቅልሽ። በእጅሽ መርጠሽ የምትበዪበትን ዕድሜ ያርዝምልሽ፤ ያ ሲያልፍም የሚሞላልሽን ሰው ልብ ያራራልሽ። ለእናትሽም መቼም እዚያ ላኪና መጪ የለም፣ ነፍሳቸውን በደህናው ቦታ ያሳርፍልን። ልጆችሽን ሳሚልኝ።

አደራሽን የበላችው
አብሮ አደግሽ

ማስታወሻ፤ ዘንቢሉን አጥቤ አጥፌዋለሁ። ደብዳቤውን የማስቀምጠው ከዘንቢሉ ታች፣ የምገዛውን ዝርዝር በማስቀምጥበት ቦታ ነው፤ ምራቴ ከዚያ አንስታ ፖስታ ቤት ታደርስልኛለች። ፖስታውን አላሸግኩትም። ቤት ውስጥ ሙጫ የለኝም፣ ዝርዝሩም ላይ አልጻፍኩትም። ታሽጎ ከደረሰሽ ያሸግኩት እኔ አይደለሁም።